ካሜራው ባያየንስ?

(ስለ መንገድ ፍጥነት ካሜራና ስለ አማና በሬዲዮ ፕሮግራም ከቀረበ ንግግር የተወሰደ)

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



የዛሬው ርዕሳችን ለአንዳንዶቻችሁ ከሚንበር የራቀ ሊመስላችሁ ይችላል። ስለ ውዱእ ወይም ስለ ዘካ አይደለም፤ መንገድ ዳር ቆሞ ፎቶ ስለሚያነሳን ካሜራ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከምንኖር የአገራችን ልጆች ብዙዎቻችን የምንበላው እንጀራ ከመሪ ጀርባ የሚገኝ ነው። ታክሲ ነጂው፣ የኡበር ሹፌሩ፣ ዕቃ አድራሹ ቀኑን ሙሉ የሚውለው መንገድ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ የምንውልበትን ቦታ ደግሞ ዲናችን ያለ ሕግ አልተወውም።

ነገሩን በራሴ ልጀምር። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከፖስታ ሣጥኔ ውስጥ ደብዳቤ አገኘሁ። ስከፍተው የመኪናዬ ፎቶ ነው። ታርጋዬ ጎልቶ ይታያል። ሰዓቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ20 ይላል። በሰዓት 25 ማይል በሚፈቀድበት መንገድ 37 ማይል እየነዳሁ ነበር። ቅጣቱ 100 ዶላር ነው። ያን ጊዜ ወዴት እየሄድኩ እንደነበር አልጠፋኝም። ፈጅር ላሰግድ ነበር፤ አርፍጃለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ጸጸት ሳይሆን ንዴት ነው። “በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ማን አለ? ሰው ሳይኖር ማንን ገጨሁ? ገንዘብ ለመልቀም ነው እንጂ!” እያልኩ ስነጫነጭ የ12 ዓመት ልጄ ፎቶውን አንስታ አየችውና፣ “አባዬ፣ ወደ ሶላት ስትሄድ ነው እንዴ የተቀጣኸው?” አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

በዚያው ሳምንት ከጁሙዓ በኋላ ጫማ ማስቀመጫው አጠገብ ጥቂት ሹፌሮች ስለዚሁ ጉዳይ ሲያወሩ ደረስኩ። አንደኛው ታርጋ ላይ የሚለጠፍ፣ ካሜራ ቁጥሩን እንዳያነብ የሚያደርግ ሽፋን መግዛቱን ይናገራል። ሌላው፣ “እኔ አልነዳሁም፣ ወንድሜ ነው ብለህ ጻፍ። እሱ አገር ቤት ገብቷል፣ ማን ያገኘዋል?” ብሎ ይመክራል። አንድ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ለረጅም ዓመታት ታክሲ የነዱ ወንድማችን ግን ወደ እኔ ዞረው እንዲህ አሉ፦ “ኡስታዝ፣ ዐውፍ በሉኝና አንድ ልጠይቅዎት። ይኼ ካሜራ ራሱ ሌባ አይደለም ወይ? ሌባን ማታለል ሐራም ነው ወይ?”

ጥያቄያቸው የብዙዎቻችን ስለሆነ በሬዲዮ እመልሳለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ኢንሻአላህ ዛሬ ቃሌን እፈጽማለሁ።

ነገሩ ምንድን ነው?

የፍጥነት ካሜራ አሠራሩ ቀላል ነው። ራዳር ወይም ሌላ መለኪያ የመኪናውን ፍጥነት ይለካል፤ ከተወሰነው መጠን ካለፈ ካሜራው ታርጋውን ያነሳል፤ ቅጣቱ መኪናው በስሙ ለተመዘገበው ሰው በፖስታ ይላካል። በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያዎቹ የፍጥነት ካሜራዎች የተተከሉት እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ዋሽንግተን ዲሲ በቀይ መብራት ካሜራ በ1999፣ በፍጥነት ካሜራ ደግሞ በ2001 ጀመረች፤ ከዚያ ወዲህ ቁጥራቸው ወደ መቶዎች አድጓል። ሜሪላንድ በትምህርት ቤቶች አካባቢና የመንገድ ሥራ በሚካሄድባቸው ቦታዎች ትጠቀማለች። ለብዙ ዓመታት ቅጣቷ 40 ዶላር ብቻ ነበር፤ ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ግን እንደ ፍጥነቱ መጠን ከ40 እስከ 425 ዶላር ሆኗል። ቨርጂኒያም ከ2020 ወዲህ በትምህርት ቤትና በሥራ ቦታዎች አካባቢ ፈቅዳለች።

ክርክሩ የእኛ ሠፈር ብቻ አይደለም። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የቢጫ ሰደርያ ለባሾች ሰልፍ ሲነሳ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከአገሪቱ ካሜራዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተሰባብረዋል ወይም ቀለም ተቀብተዋል። በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር መንግሥት፣ ካሜራው ገንዘብ መሰብሰቢያ ሆኗል ብሎ በኅዳር 2025 ከነጭራሹ ከልክሎታል። በሙስሊሙ ዓለምም ጉዳዩ ያው ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ በ2010 “ሳሂር” የተባለውን ሥርዓት ጀመረች፤ ትርጉሙ የማያንቀላፋ፣ ነቅቶ የሚጠብቅ ማለት ነው። እዚያም ታርጋቸውን የሸፈኑ፣ በካሜራ መኪኖቹ ላይ ጉዳት ያደረሱ፣ በጋዜጣ የተሟገቱ ነበሩ። ስለዚህ ታክሲ ነጂው አባታችን ያነሱት ጥያቄ የአንድ አገር ወይም የአንድ ሕዝብ ጥያቄ አይደለም።

የተቃዋሚዎቹ ቃል

ፍትሕ የሚጀምረው የሌላውን ወገን ቃል ከመስማት ነውና፣ መጀመሪያ ካሜራውን የሚቃወሙትን እንስማ። አራት ነገር ይላሉ።

አንደኛው፣ “ዓላማው ደኅንነት ሳይሆን ገንዘብ ነው” የሚል ነው። ይህ ከባዶ የተነሳ ጥርጣሬ አይደለም። ካሜራ በከተማ በጀት ውስጥ የገቢ ምንጭ ሆኖ ሲቆጠር፣ ከተማው ሰው ሕግ እንዲያከብር ይፈልጋል ወይስ እንዲያጠፋ? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በቺካጎ የቀይ መብራት ካሜራ ውል የሚመራ አንድ የከተማው ባለሥልጣን ከካሜራ አቅራቢው ኩባንያ ጉቦ በመቀበሉ በ2016 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሎ የ10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ካሜራ ጉቦ አይቀበልም እንላለን፤ ከካሜራው ጀርባ ያለው ሰው ግን ሊቀበል ይችላል።

ሁለተኛው፣ “ሸክሙ በድሃው ላይ ይወድቃል” የሚል ነው። 100 ዶላር ለአንዱ የእራት ግብዣ ሒሳብ ነው፤ ለሌላው የልጆቹ የሳምንት አስቤዛ ነው። በቺካጎ በ2022 ይፋ የሆነ የጋዜጠኞች ምርመራ፣ ጥቁሮችና ላቲኖዎች በሚበዙባቸው ሠፈሮች የሚኖሩ ቤተሰቦች ነጮች ከሚበዙባቸው ሠፈሮች ጋር ሲነጻጸሩ ሁለት እጥፍ ገደማ ቅጣት እንደደረሳቸው አሳይቷል። ካሜራው ቀለም አይቶ አይደለም። በእነዚያ ሠፈሮች ያሉት መንገዶች ሰፋፊ፣ ለፍጥነት የሚጋብዙ፣ ለእግረኛ ያልታሰበላቸው በመሆናቸው ነው። በፊንላንድ ከባድ የፍጥነት ጥፋት በገቢ ልክ ስለሚቀጣ ሀብታሙም ድሃውም እኩል ይሰማቸዋል። እዚህ ግን እንዲያ አይደለም።

በዚሁ ላይ ቅጣቱ በቀኑ ሳይከፈል ሲቀር በእጥፍ ያድጋል። በዲሲ 100 የነበረው 200 ይሆናል። ሳሂር ሲጀመር በሳዑዲ ዐረቢያም ከዘገየ የሚጨምረውን ቅጣት ከሪባ ጋር ያመሳሰሉት ሰዎች ነበሩ። ሌሎች ደግሞ፣ ሪባ በብድርና በሽያጭ የሚመጣ ነው፤ ይህ ግን ለሁለተኛ ጥፋት የሚጣል ሁለተኛ ቅጣት ነው ብለዋል። እኔ በዚህ ላይ ፈትዋ ለመስጠት አልደፍርም። የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አትወርውሩት። ከቀኑ በፊት ወይ ክፈሉ፣ ወይ ተከራከሩ። ያን ጊዜ ከጥርጣሬው በር ላይ አትደርሱም።

ሦስተኛው፣ “ያጠፋው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ” የሚል ነው። ካሜራው የሚያየው ታርጋ እንጂ ሰው አይደለም። መኪናህን ወንድምህ ቢነዳ ደብዳቤው ላንተ ይመጣል። አንዲት ነፍስ የሌላዋን ኃጢአት እንደማትሸከም በቁርኣን በተደጋጋሚ ተነግሯል። ነገር ግን በዚህ ምክንያት ነው በካሜራ ቅጣት ላይ የመንጃ ፈቃድ ነጥብ የማይቀነሰው፤ ሹፌሩን ሳይሆን ባለንብረቱን ስለ ንብረቱ አያያዝ የሚጠይቅ ነውና። ይህም ሌላ ጉድለት አስከትሏል፤ ገንዘብ ያለው ከፍሎ እንደልቡ መንዳቱን ይቀጥላል።

አራተኛው፣ “ይህ ስለላ ነው” የሚል ነው። አላህ በሱረቱል ሑጁራት ምእመናን አንዱ የሌላውን ነውር እንዳይሰልል ከልክሏል። ስለ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) የሚተረክ ታሪክ አለ። ሌሊት ሲዘዋወሩ ከአንድ ቤት ድምፅ ሰሙና በአጥሩ ዘለው ገቡ። ሰውየውን በጥፋት ላይ አገኙት። እሱ ግን፣ እኔ አንድ ባጠፋ እርስዎ ሦስት አጥፍተዋል አላቸው፤ ሰልለዋል፣ በበሩ አልገቡም፣ ሰላምታም አላቀረቡም። ዑመርም ትተውት ወጡ። ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። የመንግሥት ዓይን የሰው ጓዳ ውስጥ እንዳይገባ ሙስሊም ሊጠነቀቅ ይገባል። የካሜራው ምስል ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥና ለማን እንደሚሰጥ መጠየቅ መብታችን ነው። ይሁን እንጂ መንገድ ጓዳ አይደለም። መንገድ የጋራ ነው፤ መንገድ ላይ የሌላውን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ነገር የግል ነውር ተብሎ አይሸፈንም።

የደጋፊዎቹ ቃል

አሁን ሌላውን ወገን እንስማ። እነሱ የሚጀምሩት ከሬሳ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 በዓለም ላይ በመንገድ አደጋ 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ሞተዋል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉ ልጆችና ወጣቶች ቁጥር አንድ ገዳይ የመንገድ አደጋ ነው። ወባም ሌላም በሽታ አልቀደመውም። ይኸው ድርጅት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ የመድረስ ዕድል በ4 በመቶ እንደሚጨምር ይገልጻል። እግረኛ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር በሚሄድ መኪና ሲገጭ የመሞት ዕድሉ በ50 ከሚሄድ መኪና ጋር ሲነጻጸር በአራት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለሹፌሩ ምንም አይመስለውም፤ እግሩን ትንሽ መጫን ነው። ለእግረኛው ግን በሆስፒታልና በመቃብር መካከል ያለው ልዩነት ነው።

“ፍሬን እይዛለሁ” የምትሉ ደግሞ ይህን አስቡ። በእንግሊዝ የመንጃ መመሪያ ስሌት፣ በሰዓት 20 ማይል የሚሄድ መኪና ለመቆም 12 ሜትር ይፈልጋል። በ30 ማይል 23 ሜትር፣ በ40 ማይል 36 ሜትር ይፈልጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ኳሱን ተከትሎ የሮጠ ሕፃን በ15 ሜትር ላይ ቢወጣ፣ በ20 ማይል የሚሄደው ይቆምለታል፤ በ40 የሚሄደው ግን ገና ፍሬኑን ከመርገጡ ይደርስበታል።

ካሜራው ይጠቅማል ወይ? በ2010 የታተመ፣ ከተለያዩ አገሮች የተሠሩ 35 ጥናቶችን የመረመረ ሥራ፣ በካሜራዎቹ አካባቢ ሞትና ከባድ ጉዳት የሚያስከትሉ አደጋዎች ከ11 እስከ 44 በመቶ መቀነሳቸውን አግኝቷል። ሁሉም ጥናት እኩል ጥራት የለውም፤ አጥኚዎቹም ይህንኑ አልደበቁም። አቅጣጫው ግን አንድ ነው። በሌላ በኩል በ2017 በለንደን የተሠራ ጥናት፣ አደጋው ካሜራው አጠገብ ቢቀንስም ራቅ ሲባል እንደገና ሊጨምር እንደሚችል አሳይቷል። ለምን? ካሜራው ጋ ስንደርስ ፍሬን እንይዛለን፣ ካለፍነው በኋላ እንደገና እንበራለን። ለዚህም ነው አንዳንድ አገሮች መኪናው ከአንዱ ካሜራ እስከ ሌላው የፈጀበትን ጊዜ አስልተው አማካይ ፍጥነቱን የሚለኩት። በስኮትላንድ ኤ9 በተባለው ረጅም መንገድ ላይ ከ2014 ጀምሮ የሚሠራው በዚህ ዓይነት ነው።

ሌላም የሚሉት አለ፣ እኛ ሐበሾችና ጥቁሮች በተለይ ልንሰማው የሚገባ። ፖሊስ ሲያስቆም ሰውን አይቶ ነው። ልጁ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት መንዳት የጀመረ አባት፣ ሌሊት ልጁን ፖሊስ ሲያስቆመው ምን ሊሆን ይችላል ብሎ እንቅልፍ ያጣል። ካሜራ መሣሪያ አይመዝም፣ ፊት አያይም፣ ስምህ ሙሐመድ ነው ብሎ አያዘገይህም። ዘመድ አያውቅም፤ “እንጫወት” ቢሉትም አይጫወትም። በየአገሩ የመንገድ ላይ ጉቦ የቀመሰ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቃል።

እንግዲህ ምን እንበል?

ወንድሞችና እህቶች፣ ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ስለዚህ ነገሩን በሦስት እንከፍለዋለን፤ ሦስቱን በመቀላቀላችን ነው የምንሳሳተው።

የመጀመሪያው ፍጥነቱ ራሱ ነው። ካሜራው ኖረም አልኖረም፣ ሰው በሚሻገርበት መንገድ ላይ ከተፈቀደው በላይ መብረር የሰውን ሕይወት አደጋ ላይ መጣል ነው። በዲናችን ራስንም ሌላንም መጉዳት አይፈቀድም። ከመንገድ ላይ እሾህና ድንጋይ ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። እሾህ ማንሳት ኢማን ከሆነ፣ ሁለት ቶን ብረት በሕፃናት መካከል ማብረር ምን ይባላል? ሉቅማን ልጁን ሲመክር በአካሄዱ መካከለኛ እንዲሆን ነግሮታል። ይህ የተነገረው በእግር ለሚሄድ ነው፤ በሞተር ለሚሄድ ይበልጥ ይጸናበታል። የእስልምና ትብብር ድርጅት ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1993 በብሩናይ ባደረገው ስብሰባ፣ ከሸሪዓ ጋር የማይጋጩ የትራፊክ ደንቦችን ማክበር በሸሪዓም ግዴታ መሆኑን፣ የሚጥሱትንም በገንዘብ መቅጣት እንደሚቻል ወስኗል። ስለዚህ “ይህ የካፊር ሕግ ነው፣ አይመለከተኝም” የሚል ወንድም የራሱን ዑለማ ቃል አልሰማም ማለት ነው።

ሁለተኛው ማታለሉ ነው። ታርጋ መሸፈን፣ “እኔ አልነዳሁም” ብሎ መፈረም፣ በሌላ ሰው አድራሻ መኪና ማስመዝገብ። ሐሰተኛ ምስክርነት ከከባባድ ኃጢአቶች ጋር ተቆጥሮ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ለ100 ዶላር ብሎ ውሸት ላይ የፈረመ ሰው መንግሥትን አይደለም የሸወደው፤ የራሱን ኪታብ ነው ያበላሸው። መንጃ ፈቃድ ስንቀበል ደንቡን እናከብራለን ብለን ነው የተቀበልነው። ሙስሊም በገባው ውል ላይ ይጸናል።

“እነሱ ግን ይዘርፉናል” ላሉት አባታችን መልሴ ይህ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አማናን ላመነን እንድንመልስ፣ የከዳንን እንኳ መልሰን እንዳንክድ አዘውናል። አላህም ለሕዝቦች ያለን ጥላቻ ፍትሕን እንዳያስተወን በሱረቱል ማኢዳህ አስጠንቅቋል። ሌላው ቢበድል የእኛ ውሸት ሐላል አይሆንም።

ሦስተኛው በደሉ ነው። ቅጣቱ ከተጋነነ፣ ካሜራው በስህተት ከለካ፣ ምልክቱ በዛፍ ከተሸፈነ፣ ገንዘቡ ከታለመለት ውጭ ከዋለ፣ ዝም በሉ አልልም። በዳይን ከበደሉ መመለስ እርሱን መርዳት ነው። መንገዱ ግን በብርሃን ነው። ቅጣቱን በጽሑፍ የምንከራከርበትና የምንሰማበት ሥርዓት አለ፤ እንጠቀምበት። በከተማው ምክር ቤት ስብሰባ እንነሳና የካሜራው ገንዘብ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታና የእግረኛ መሻገሪያ ይሠራበት እንበል። ቅጣቱ የሰውን አቅም ያገናዘበ ይሁን ብለን እንጠይቅ። ድምፅ መስጠት የምንችል እንስጥ። ታርጋ የሸፈነ ሰው ግን የሚፈታው የራሱን ችግር ብቻ ነው፤ የጎረቤቱን በደል እንዳለ ይተወዋል።

የሦስት ሰዎች ነገር

አንድ እዚሁ ከተማ የሆነ ነገር ላስታውሳችሁ። በመጋቢት 2023 በዲሲ በሮክ ክሪክ ፓርክዌይ ላይ በከባድ ፍጥነት ትበር የነበረች መኪና ሌላ መኪና ገጨች። የተገጨው የሊፍት መኪና ነበር። ሹፌሩና ሁለቱ ተሳፋሪዎቹ ሞቱ። በኋላ ሲጣራ፣ በገጨችው መኪና ታርጋ ላይ ከ40 በላይ ያልተከፈሉ ቅጣቶች ተቆልለው ተገኙ፤ ገንዘቡ ከ12,000 ዶላር ያልፋል። ካሜራው ደጋግሞ አይቷታል። ደጋግሞ ጽፏል። ያስቆማት ግን አልነበረም። የከተማዋ ምክር ቤት ከዚያ ወዲህ በ2024 ከሌላ ክፍለ ሀገር መጥተው የሚያጠፉትን ጭምር በፍርድ ቤት ለመክሰስ የሚያስችል ሕግ አወጣ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንማር። አንደኛ፣ ካሜራ ብቻውን ሰው አያድንም፤ የሚያድነው የሚታዘዝ ልብና በትክክል የሚፈጸም ሕግ ነው። ሁለተኛ፣ የሞተው ሹፌር እንደ እናንተው እንጀራውን ፍለጋ ሌሊት የወጣ ሰው ነው። ሚስት ወይም እናት ወይም ልጅ በሩን እያየ ይጠብቀው ይሆናል። የሌላውን ፍጥነት በመጀመሪያ የሚከፍለው መንገድ ላይ የሚውለው ሰው ነው። ሹፌሮች ሆይ፣ ይህ ክርክር በእናንተና በከተማው መካከል ያለ እንዳይመስላችሁ። የእናንተም ነፍስ ጉዳይ ነው።

ወተት ሻጯ ልጅ

ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ታሪክ ነው፤ ልጆች ካሉ ግን ጠርታችሁ አሰሟቸው። ዑመር (ረ.ዐ) ወተት ከውሃ ጋር እንዳይቀላቀል ከልክለው ነበር። አንድ ሌሊት በመዲና ሲዘዋወሩ አንዲት እናት ልጇን ተነሺና ወተቱን በውሃ ቀላቅይው ስትላት ሰሙ። ልጅቷ የአሚረል ሙእሚኒንን ክልከላ አስታወሰቻት። እናትየው ዑመር እዚህ የለም፣ አያይም አለች። ልጅቷም ዑመር ባያይ የዑመር ጌታ እንደሚያይ መለሰችላት። ዑመር ይህችን ልጅ ለልጃቸው ለዓሲም አጋቡት፤ ከዘሯም ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ እንደተወለዱ ይተረካል።

በዚያ ዘመን ካሜራ አልነበረም። ካሜራው በዚያች ልጅ ልብ ውስጥ ነበር። ኢሕሳን ማለት ይህ ነው፤ አላህን እንደምናየው ሆነን መገዛት፣ እኛ ባናየው እሱ እንደሚያየን ማወቅ። ካሜራው ጋ ስንደርስ ፍጥነት ቀንሰን ካለፍነው በኋላ የምንበር ከሆነ ግን፣ ዑመር ሲመጣ ወተቱን ንጹሕ አድርጎ ዑመር ሲሄድ ውሃ እንደሚጨምር ነጋዴ ነን። አማካይ ፍጥነት የሚለካው ካሜራ መጀመሪያውንና መጨረሻውን አይቶ ያሰላል። ቀኝና ግራችን ላይ ያሉት ጸሐፊዎችም መሐሉን ሳያስቀሩ ይጽፋሉ።

ለቤተሰብ

በመጨረሻ ለቤታችን የሚሆን ጥቂት ልበል። ብዙ ጊዜ ፍጥነቱ የሚጀምረው ከቤት ነው። “የት ደረስክ? ሾርባው ቀዘቀዘ፣ መግሪብ ሊል ነው” ብላችሁ የምትደውሉ እህቶች፣ በረመዷን ያ ስልክ እግሩን ነዳጅ ላይ ያስጭነዋል። በእጁ ያለው ቴምርና ውሃ ለመፍጠሪያ ይበቃዋል። “ቀስ ብለህ ና” በሉት። አባቶች፣ ልጆቻችሁ መንዳት የሚማሩት ከአሠልጣኙ በፊት ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው እናንተን እያዩ ነው። “ካሜራ አለ፣ ቀስ በል” ስትባባሉ ይሰማሉ። “ልጆች አሉ፣ ቀስ በል” ስትሉ ቢሰሙ ሌላ ሰው ሆነው ያድጋሉ።

እኔ ያን ቀን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ከቤቴ እስከ መስጂዱ 3 ማይል ነው። በ25 ማይል ፍጥነት 7 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ፣ በ37 ደግሞ 4 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ይፈጃል። ያተረፍኩት 2 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነበር። ለዚች ብዬ ነው በጨለማ ስበር የነበረው። እነዚያን ደቂቃዎች ማንቂያውን ቀደም አድርጌ ባስተካክለው አገኛቸው ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኢቃማ ስንሰማ እንኳ ሳንሮጥ በእርጋታ እንድንመጣ፣ የደረስንበትን እንድንሰግድ፣ ያመለጠንን እንድንሞላ አዘዋል። ይህን ሐዲስ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! መንገድ ላይ ግን ረሳሁት። ደግሞም በዚያ ሰዓት መንገዱ ባዶ አልነበረም። ወደ መስጂዱ በእግራቸው የሚመጡ ሽማግሌዎች አሉን፤ ጥቁር ካፖርት የለበሱ፣ በጨለማ የማይታዩ። ከኋላዬ የሚሰግዱትን ሰዎች ልገጭ እችል ነበር።

ቅጣቱን ከፈልኩ። በሚቀጥለው ጁሙዓ ለመስጂዱ ኮሚቴ፣ “በሰዓቱ ካልደረስኩ አትጠብቁኝ፣ ከእናንተ አንዱ ያሰግድ” አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አርፍጄ አንድ ወጣት ወንድማችን አሰገደ፤ እኔም ከኋላ ሰፍ ተቀላቀልኩ። ምንም አልጎደለብኝም።

አባታችንም ከቀናት በኋላ አግኝተውኝ፣ “ኡስታዝ፣ ሌባ ነው ያልኩትን አልተውኩም፤ ግን ሽፋኑን አልገዛም” አሉኝ። “ይበቃል አባቴ፣ ሌብነቱን ምክር ቤት ሄደን አብረን እንናገራለን” አልኳቸው። ቀጠሮ ይዘናል፤ ኢንሻአላህ እንሄዳለን። መምጣት የምትፈልጉ ከእኛ ጋር ኑ።

አላህ መንገዳችንን ሰላም ያድርግልን። የወጡትን በሰላም ይመልስልን። በመንገድ የሞቱብንን ይማርልን፤ ለቤተሰቦቻቸውም ሶብሩን ይስጣቸው። ሰው ሲያየንም ሳያየንም እሱን የምንፈራ ያድርገን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።